ስማችሁ ያለበት ቦታ

ወገኖቼ፣ ጁባም በውጭም ያላችሁ። «የሰጠንህ ስምና የጉዳይ ቁጥር የት ነው ያለው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ መልሱ ይኸው።

ላፕቶፔ ውስጥ ቨርቹዋልቦክስ በሚባል ፕሮግራም ሌላ ኮምፒውተር ፈጥሬያለሁ፤ መዝገቡ እዚያ ነው። መጀመሪያ ኔትወርኩን ፕሮግራሙ ራሱ በሚሰጠው፣ «ናት» በሚባለው መንገድ ተውኩት። የውስጠኛው አድራሻ 10.0.2.15 ሆነ። እሱ ኢንተርኔት ያገኛል፤ እኔ ግን ከገዛ ላፕቶፔ ልገባበት አልቻልኩም። የፈለግሁት ተቃራኒውን ነበር! ሦስት ሌሊት፣ ጄኔሬተሩ እስኪጠፋ ታገልኩ።

መፍትሔው «ሆስት ኦንሊ» የሚለው ምርጫ ሆነ። ላፕቶፑ 192.168.56.1፣ ውስጠኛው 192.168.56.101 ሆኑ። ሁለቱ ብቻ ይነጋገራሉ፤ ውስጠኛው ኢንተርኔት የለውም፣ ዳታም አይበላም። «ብሪጅድ» ብለው ኖሮ ግን ዋይፋዩን የሚጋራን ሁሉ ሊደርስበት ይችል ነበር።

ላፕቶፑ ቢሰረቅ ይህ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ዲስኩንም በይለፍ ቃል ቆልፌዋለሁ።

ከመዝገቡ መውጣት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ለምን ሳልል እሰርዛለሁ። ብዙዎቻችን ከአገር የወጣነው ስማችን ዝርዝር ውስጥ ስለገባ ነው። የእኔው ዝርዝር ደግሞ እንዲጎዳችሁ አልፈልግም።