መሄዷን አየን፣ መመለሷን አልጠየቅንም

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ብዙ ተጽፏል። ካርቶኑ፣ ቆርኪው፣ የክብሪት ቀፎው ሁሉ በየተራ ምስጋናውን አግኝቷል። ዛሬ እኛ የምናወጋችሁ ግን ከወዳደቀ ዕቃ ስለሠራነው ሳይሆን በገንዘብ ስለገዛነው፣ ገዝተንም ስላፈርንበት መሣሪያ ነው። ይኸውም በሬዲዮ ሞገድ የሚታዘዝ ሞዴል ጀልባ ነው። «የመምህርነት ሠልጣኝንና የመጫወቻ ጀልባን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ታገሡንና እናስረዳ።

ነገሩ የተጀመረው በማስተማር ልምምድ ጊዜ ነው። ስድስት ሆነን ለአንድ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ እንድናስተምር ተመደብን። ስለ መንሳፈፍ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ስለ ሬዲዮ ሞገድ በየተራ ገብተን ሰሌዳውን ሞላን፤ ልጆቹም ገለበጡ። አንድ ቀን ታዲያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሞገዱን አይታችሁት ታውቃላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን እንጂ መልስ አልነበረንም። ማታ መኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስንመክር «ጀልባ!» አለ አንዱ። መንሳፈፉ፣ ሞተሩና ሞገዱ ሦስቱም በአንድ ዕቃ ላይ ይገኛሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኒኮላ ቴስላ የተባለው የኤሌክትሪክ ሊቅ በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለሕዝብ ያሳየው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በአሜሪካ የፈጠራ መብት ቁጥር 613,809 ተመዘገበለት። ያች ጀልባ ባትሪዋን በሆዷ ይዛ፣ ያለ አንዳች ሽቦ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ መብራቷንም ታበራና ታጠፋለች። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ለእኛ ክፍል ገና ብርቅ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ እህት ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች። ገንዘብ አዋጣን፤ ግማሹን እንኳ አልሞላም። የቀረውን ከደመወዟ ልትጨምር ቃል ገባችልንና «ምን ዓይነት ልግዛ?» ብላ በስልክ ጠየቀች። የጥፋታችን መነሻ እዚህ ላይ ነው። ስድስታችንም ተሻምተን «ፈጣን!» አልናት። «ሌላስ?» አለች። «ቀይ!» አልን። ሌላ ምንም አልጠየቅንም።

ፈጣንም ቀይም መጣች። ርዝመቷ ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ አፍንጫዋ ሹል፣ ሆዷ እንደ ላቲኑ ቪ ፊደል የተቀረጸ። ምን አለፋችሁ፣ የዚያን ሌሊት የተኛ አልነበረም። ማብራሪያ ወረቀቱን ግን ማንም አላነበበውም። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ሙሉ፣ አርባ ተማሪ ይዘን ጣና ዳር ወረድን።

ጀልባዋ ውሃውን ሰንጥቃ ስትወረወር የተሰማው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሯችን ላይ አለ። ልጆቹ ዘለሉ፤ እኛ ከልጆቹ ይልቅ ዘለልን። ከዚያ ወደ እኛ መልሰን ልናመጣት ስናዞራት ነገሩ ተበላሸ። ጀልባ ከእኛ ስትርቅ ቀኟ ቀኛችን ነው፤ ፊቷን ወደ እኛ ስትመልስ ግን ቀኟ ግራችን ይሆናል። ክፍል ውስጥ ፊታችንን ወደ ተማሪ አዙረን «ቀኝ እጃችሁን አንሡ» ስንል የሚገጥመን ግራ መጋባት ማለት ነው። ሪሞቱን የያዘው ጓደኛችን ወደ ቀኝ ያዞራት መስሎት ወደ ግራ ሰደዳት፤ በሙሉ ፍጥነት ደንገሉ ውስጥ ገባች። የውሃ ሣር ፕሮፔለሯ ላይ ተጠመጠመ። እሱ ደግሞ ነዳጅ የጨመረ ይመስል ማዘዣውን እስከ መጨረሻው ገፋው። ሞተሩ ታንቆ መዞር ስላልቻለ ጋለ፤ ጥቂት ጭስ አየን፤ ጀልባዋም ዝም አለች።

«አሁንስ እንዴት ትመለሳለች?» እያልን እርስ በርሳችን ስንተያይ ያ ከኋላ ወንበር የጠየቀው ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጠራነው፤ አልሰማም። መጀመሪያ ወገቡ ድረስ፣ ቀጥሎ ደረቱ ድረስ ገባ። ከዚያ ጀልባዋን ያነቀው ሣር እግሩን ያዘው። አንዴ ጠለቀ፣ ወጣ፣ ዳግመኛ ጠለቀ። ከስድስታችን ዋና የምንችል ሁለት ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም ለመድረስ ርቀን ነበር። ያተረፈው የአንድ አዛውንት ታንኳ ነው። ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው በቅርብ ነበሩ። ልጁን በክንዱ ስበው ታንኳቸው ላይ ጣሉት፤ ቀዩን ጀልባችንንም ከደንገሉ ነቅለው እግራቸው ሥር አስቀመጧት። ዳር ሲደርሱ ልጁ እያሳለ ያለቅስ ነበር። አባባ አንዴ እኛን፣ አንዴ ጀልባዋን አዩና «ይቺ ጀልባችሁ መሄድ እንጂ መመለስ አልተማረችም እንዴ?» አሉን። መልስ የሰጠ የለም።

ማሠልጠኛው ድረስ ያለው መንገድ የዚያን ቀን ረዘመብን። የፊዚክስ መምህራችን ዘንድ ሄደን የሆነውን ሁሉ ተናገርን። ይቆጡናል ብለን ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «ጀልባዋ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ ታውቁ ነበር፤ ከተማሪዎቻችሁ ስንቱ ዋና እንደሚችል ታውቁ ነበር?» አሉን። አናውቅም ነበር። ማታውኑ ይዘውን ወደ ልጁ ቤት ሄዱና ከእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅን። እናቱ ቡና አፍልተው ነበር። «ልጄ ከእናንተ ወዲህ ጥያቄ አበዛ፤ ይብዛ። ውሃውን ግን ተዉልኝ» አሉ። ያንን ቡና እንዴት እንደጠጣነው እኛ ነን የምናውቀው። ስለ ብልሃርዚያም አስበን በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድነው።

ለዱባይዋ እህታችን መንገር ደግሞ ሌላ ፈተና ሆነ። «ጀልባዋ ተቃጠለች» ብለን ብቻ እንዝጋው ያለም ነበር። ኋላ ግን ሁሉንም ነገርናት። የወር ላቧ መሆኑን እያወቅን ስለ ጀልባዋ ልናዝን ስንጀምር አቋረጠችን። «ጀልባው ይቅር፤ ልጁስ ደህና ነው?» አለች። ድርሻዋን በየወሩ ከኪስ ገንዘባችን ቆርጠን ልንመልስላት ተስማማን፤ እየመለስንም ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ለመግዛት ሳይሆን ለመጠየቅ ተቀመጥን። እኛ ሳንጠይቅ የቀረነውን፣ ጀማሪ ሁሉ ሊጠይቅ የሚገባውን እነሆ።

አንደኛ፣ ውሃው ምን ዓይነት ነው? ፈጣኗ ጀልባ ሰፊና ንጹሕ፣ ማዕበልና ሣር የሌለበት ውሃ ትፈልጋለች። ባለ ሸራዋ ሞተር ባያስፈልጋትም ነፋስ ይኖርባታል፤ እንዳትገለበጥ ከሥሯ እርሳስ ስለሚንጠለጠልባት ጥልቀትም ትሻለች። ሣር ለበዛበት ውሃ ፕሮፔለሯ እንደ አውሮፕላን ከላይ በአየር ላይ የሚዞር ጀልባ አለች። ለገንዳና ለትንሽ ኩሬ ግን መርከብ የሚጎትቱትን የመሰለች፣ ዝግተኛና ሰፊ ጎታች ጀልባ ትበልጣለች። ዝግተኛዋ ለጀማሪ ሌላም ጥቅም አላት፤ ቀኝና ግራ ሲምታታበት ለማሰቢያ ጊዜ ትሰጠዋለች።

ሁለተኛ፣ ብትቆም እንዴት ትመለሳለች? በዚህ የሚጫወቱ ሰዎች በዓሣ ማጥመጃ ክር ጫፍ የቴኒስ ኳስ አስረው ይዘው ይወጣሉ። ኳሱን ከጀልባዋ አሳልፈው ይወረውሩና በክሩ እያዋከቡ ወደ ዳር ይስቧታል። አለዚያም ሌላ ጀልባ ልከው ያስገፏታል። ባትሪው ሳያልቅ መመለስም ሕግ ነው። ሰው ግን አይገባም። የሚያወጣት ነገር ሳይዘጋጅ ጀልባዋ ውሃ አትንካ።

ሦስተኛ፣ መጠኗ ስንት ነው? «ትንሿ ትቀላለች» ብለን ነበር። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 20 ወርድ ኖሯት 5 ሳንቲ ሜትር የምትሰምጥ ሣጥን 7,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውሃ ትገፋለች፤ 7 ኪሎ ትሸከማለች ማለት ነው። ሁሉንም ልክ በግማሽ ብንቀንሰው ሸክሟ በግማሽ ሳይሆን በስምንት እጅ ይቀንሳል፤ 875 ግራም ብቻ። ባትሪና ሞተር ሲጫንባት ምን ቀራት? ትንሿን ደግሞ ትንሽ ማዕበል ይበቃታል። ይህ ስሌት ብቻውን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣዋል።

አራተኛ፣ ባትሪዋ ምንድን ነው? የኒኬሉ ባትሪ በአንድ ሴል 1.2 ቮልት ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲያያዙ 7.2 ይሆናል። ከበድ ይላል እንጂ ለጀማሪ ትዕግሥተኛ ነው። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው በአንድ ሴል 3.7 ቮልት አለው፤ ቀላልና ብርቱ ነው። ነገር ግን ለእሱ ባልተሠራ ቻርጀር ቢሞሉት፣ ወይም የተወጋና ያበጠውን ቢጠቀሙበት እሳት ይነሣል። ስለዚህ ሲሞላ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፤ አልጋ ላይ ጥለውት ወደ ምግብ አዳራሽ አይሄዱም።

አምስተኛ፣ ሬዲዮዋስ? በድሮው 27 ሜጋ ኸርዝ ሁለት ሰው በአንድ ድግግሞሽ ቢያዝ አንዱ የሌላውን ጀልባ ይረብሽ ነበር። በ2.4 ጊጋ ኸርዙ ሪሞቱና ተቀባዩ አስቀድመው ስለሚተዋወቁ ያ ጣጣ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ይህን ሞገድ ውሃ ስለሚውጠው የተቀባዩ አንቴና ከውሃው ወለል በላይ መሆን አለበት። ሞገዱ ሲቋረጥ ሞተሩን በራሷ የምታቆም መሆኗም ይጠየቅ።

ስድስተኛ፣ ብትሰበር ማን ይጠግናታል? በመጫወቻዎቹ ዘንድ ሁሉም ነገር በአንድ ሰሌዳ ላይ ስለሚበየድ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይሞታል። በተሻሉት ግን ሞተሩ፣ ተቀባዩ፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውና መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ለየብቻ ይፈታሉ። የእኛዋ እንዲህ ያለች ነበረች። መለዋወጫዋ ዱባይ ቢቀርም ከሞተሯ በቀር ሌላው በሕይወት ተርፏል።

ይኸው የተረፈው አካል ለሁለተኛዋ ጀልባ ሆነ። በእንጨት ሥራ ክፍል ኮምፔንሳቶ ቆርጠን፣ አጣብቀን፣ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብተን 70 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ጎታች ጀልባ ሠራን። ሞተሩ ከተጣለ ፕሪንተር ወጣ። ዘንጉ የብስክሌት ራጂ ነው፤ በቀጭን ቱቦ አሳልፈን ውሃ እንዳያስገባ ግራሶ ሞላነው። ፕሮፔለሩን ከቆርቆሮ ቆረጥን፤ ዙሪያውን የወንፊት ሽቦ አጠርንለት። ክብደት እንዲሆናት በአሸዋ የተሞሉ ጠርሙሶች ሆዷ ውስጥ አስተኛን። ጠርሙሶቹን ሳናስር በሞከርናት ቀን አንድ ጎኗን ሰጥታ ተኛች፤ አሰርናቸውና ቀና አለች። መልኳ ከቀይዋ ጋር አይወዳደርም። አንዱ መምህራችን አይተዋት «የዳቦ ሣጥን ናት» ብለዋል። ነገር ግን ቀይዋን ሰባት ደቂቃ ብቻ ያቆይ የነበረው ባትሪ ይቺን ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስኬዳታል።

ልጆቹን ዳግመኛ የጠራናቸው ወደ ሐይቁ ሳይሆን እዚሁ ግቢያችን ወዳለው የውሃ ገንዳ ነው። ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም። የቴኒስ ኳሱ ከነክሩ ዳር ተቀምጧል። ሪሞቱን መጀመሪያ የሰጠነው ለዚያ ልጅ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀስ እያለች ሄደች፤ ስትዞር ቀኝና ግራ ተምታቱበት፤ ቆመ፣ አሰበ፣ አረመ፤ ተመለሰችና እግሩ ሥር ቆመች።

ቀጥለን የተቀባዩን አንቴና በረጅም ቱቦ ከውሃው ወለል በታች አወረድነው። ጀልባዋ ጥቂት እንደሄደች መታዘዝ ተወች፤ በክር ስበን አንቴናውን ስናወጣው እንደገና ታዘዘች። ልጁ ሪሞቱን እያገላበጠ አየና «ቲቸር፣ እንግዲህ አየሁት ማለት ነው?» አለ። እኛም በዚህ ጊዜ አብረን አልሳቅንም። «ሥራውን አየኸው» አልነው።

በሚቀጥለው ዓመት በየወረዳው እንበተናለን። ከእናንተ መካከል ጀልባም ይሁን ሌላ መሣሪያ ይዞ ክፍል ሊገባ የሚያስብ ሠልጣኝ ቢኖር የእንጨት ሥራ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ያለችውን የዳቦ ሣጥን ወስዶ ይሞክራት፤ አብረናት ያስቀመጥናት ቀይዋንም ይያት። ክሩንና ኳሱን ግን አብሮ ይውሰድ፤ ሲጨርስም ይመልስ።