አክተሩ የቱ ነው?

ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ገብተን አግዳሚ ወንበር ላይ ስንደራረብ መጀመሪያ የምንጠይቀው የፊልሙን ስም አልነበረም። «አክተሩ የቱ ነው?» ነበር። በእኛ ሰፈር አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም፤ የማይሞተው ሰውዬ ማለት ነው። ከፈረስ የሚወድቁት፣ ከጣሪያ የሚንከባለሉት፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ወንበር የሚሰበርባቸው ሁሉ ስም አልነበራቸውም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ ካለ ደግሞ «ይሄኛው አሁን ይሞታል» ብሎ ከሐሳብ ይገላግለናል።

ያን ራሱን የተላጨ ረጅም ጥቁር ሰው ባየሁት ቀንም እንዲሁ ተባለ። «ይሄኛው አሁን ይሞታል።»

በረሃ መሀል ያለ የባቡር ጣቢያ ነው። ሦስት ነፍሰ ገዳዮች ከባቡር የሚወርድ አንድ ሰው ይጠብቃሉ። የሚናገር የለም፤ ነፋስ የሚያዞረው መዘውር ብቻ ሲጥ ሲጥ ይላል። አንደኛው ፊቱ ላይ ከምትርመሰመስ ዝንብ ጋር ይታገላል። ጥቁሩ ውሃ ከሚያንጠባጥብ ቦታ ሥር ቆሟል። ጠብ! መላጣው ላይ አንድ ጠብታ ወረደች። ቀና ብሎ አያት። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይል ነበር። እሱ ግን ባርኔጣውን አጠለቀና እዚያው ቆመ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ውሃው ባርኔጣው ክፈፍ ላይ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ ጠጣ። ወዲያው ባቡሩ መጣ፣ ቻርለስ ብሮንሰን ወረደ፣ ተኩስ ሆነ። ሦስቱም ሞቱ።

ፊልሙ የሰርጅዮ ሊዮኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ነው፣ የ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ዋናውን ታሪክ ዛሬ ጠይቃችሁ አታስተርኩኝ፤ ያቺን ባርኔጣ ግን ከነውሃዋ አስታውሳታለሁ። የሰውየውን ስም ያወቅኩት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው። ዉዲ ስትሮድ ይባላል።

በ1914 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፤ በዘሩ ጥቁርም የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችም ደም አለበት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ገደማ። በዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ከኬኒ ዋሽንግተንና ኋላ በቤዝቦል ስሙ ከገነነው ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫውቷል። በዚያን ጊዜ የፕሮፌሽናል ሊጉ ለጥቁር ዝግ ነበር፤ ከ1933 በኋላ አንድም ጥቁር አልገባበትም። በ1946 ራምስ የሚባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር የሚጫወትበት ስታዲየም የሕዝብ ንብረት ነበርና የከተማዋ ጥቁር ጋዜጠኞች «በእኛ ግብር በተሠራ ሜዳ ጥቁር የማይጫወተው ለምንድን ነው?» ብለው ያዙ። ዋሽንግተን ፈረመ፤ ቀጥሎ ስትሮድ። ስትሮድ 32ኛ ዓመቱን ሊደፍን ነው። ዓመቱን ሙሉ የያዘው ኳስ 4 ብቻ ነው። በሩን ከፈቱለት፣ ግን ተቀመጥ ያለው የለም ማለት ነው። ከዚያ ካናዳ ሄዶ በ1948 ከካልጋሪ ቡድን ጋር ዋንጫ በላ፤ ሲመለስ ደግሞ ትግል እየታገለ እንጀራውን ጋገረ።

ሆሊዉድ የፈለገው ያንን ሰውነት ነበር እንጂ አፉን አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ጫካ ውስጥ ጦር ይዞ የሚቆም፣ በር የሚጠብቅ፣ ሸክም የሚሸከም ሆኖ ሠራ። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ የምታስገርም ነገር አለች። የፋሲካ ሰሞን ቴሌቪዥን ከፍቶ «አሥርቱ ትእዛዛት»ን ያየ ሰው ስትሮድን ሳያውቀው አይቶታል። ሙሴ ገና የግብፅ መስፍን ሳለ ከዘመቻ ተመልሶ በፈርዖን ዙፋን ፊት የሚያቀርበው የኢትዮጵያ ንጉሥ እሱ ነው። አጠገቡ ልዕልት ታርቢስ አለች። (ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ የሚለውን ዘኍልቁ ላይ ያነበበ የእኔ ዓይነቱ ሰው እዚህ ጋ ወንበሩ ላይ ይስተካከላል።) ንጉሣችን ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ይጠፋል። ፊልሙ ግን ሦስት ሰዓት ከግማሽ በላይ ነው፣ የ1956ቱ የደሚል ሥራ። እዚያው ፊልም ውስጥ የፈርዖንን ልጅ ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ሆኖ እንደገና ይመጣል። ያው ሰው፣ ያው ትከሻ። ጠዋት ንጉሥ፣ ማታ ተሸካሚ።

በ1960 ሁለት ነገር ሆነለት። አንደኛው «ስፓርታከስ» ነው፤ ድራባ የሚባለውን ግላዲያተር ሆኖ ባላንጣውን ጥሎ ከገደለው በኋላ፣ ሳይሆን፣ ሊገድለው ሲችል ትቶት፣ መንሹን ወደ ተመልካቾቹ ጌቶች ይወረውራል። (ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ እሳሳታለሁ፤ አእምሮዬ ገድሎት ያልፋል።) ሁለተኛው የጆን ፎርድ «ሳርጀንት ራትሌጅ» ነው። ነጭ ልጅ ደፍረህ ገድለሃል ተብሎ በሐሰት ለጦር ፍርድ ቤት የቀረበ የጥቁር ፈረሰኞች ሳጅን ነው። ስቱዲዮው ታዋቂ ሰው ፈልጎ ነበር ይባላል፤ ፎርድ ግን ስትሮድ ካልሆነ አለ። የፊልሙ ስም የእሱ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። በተዋናዮቹ ዝርዝር ላይ ግን መጀመሪያ የተጻፈው የጠበቃው፣ የጄፍሪ ሀንተር ስም ነው። ስትሮድ ሦስት ሰው ቀድሞት አራተኛ ነው። በቪዲዮ ቤቱ ሕግ ብንሄድ እንኳ እዚህ አክተሩ እሱ ነበር፤ አይሞትማ!

ከሥራዎቹ ሁሉ ግን እኔን የሚይዘኝ የዚያው የፎርድ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» ነው፣ 1962። ፖምፒ ይባላል፤ የጆን ዌይን፣ ማለት የቶም ዶኒፎን፣ የእርሻ ሠራተኛ። ሕግ የተማረው ጄምስ ስቱዋርት ፊደል ላልቆጠረው የከተማ ሰው ትምህርት ቤት ይከፍታል። ፖምፒ ተነስቶ የነጻነት አዋጁን በቃሉ ሊል ይጀምራል። ከበስተጀርባው የሊንከን ምስል ተሰቅሏል። የሰው ልጅ እኩልነት የሚጠራበት ቦታ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል። መምህሩ ይሞላለታል። ፖምፒ አውቀው ነበር፣ ጠፋብኝ ይላል፤ መምህሩም ያችን ቦታ ብዙ ሰው ይረሳታል ብሎ ያጽናናዋል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህች መልስ ነው። እኔ ግን ወዲያው ቀጥሎ የሚሆነውን ነው የማየው። ዶኒፎን ይገባል፤ ሥራ ፈትተህ እዚህ ምን ትሠራለህ ብሎ ፖምፒን ከክፍል ያስወጣዋል። ስትሮድ አንዲት ቃል አይመልስም። ያ ግዙፍ ሰውነት በአንዴ ይታጠፍና ይወጣል። ይኸው ዶኒፎን ኋላ ሰክሮ ለፖምፒ አልቀዳም ያለውን አሳላፊ ሊደባደብ የሚነሳው ነው። ከተማው ሲመርጥ ፖምፒ ጠመንጃውን ይዞ ውጭ ነው። ቤቱ ሲቃጠል ጌታውን ከእሳት ጎትቶ የሚያወጣው ፖምፒ ነው። ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ብቻውን የተቀመጠውም ፖምፒ። ሴናተር የሆነው መምህር በመጨረሻ ምን ሰጠው? እጁ ላይ የምግብ የምትሆን ጥቂት ገንዘብ አስጨበጠው። የስትሮድን ፊት እዚያ ላይ አቁማችሁ እዩት። ምስጋና ነው? ድካም ነው? እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ቀረጻው ላይም ዌይንና ስትሮድ ለዱላ ተጋብዘው ነበር። የተሳፈሩበት ጋሪ ፈረሶች ሲደነብሩ ስትሮድ ልጓሙን ልያዝ ሲል ዌይን እጁን መታው፤ ሲቆሙ ወርደው ተፋጠጡ፤ ፎርድ ገላገለ። ትግል ሙያው የነበረን ሰው ባይነኩት ይሻላል።

ሌላውን ላሳጥረው። ለፎርድ ኮማንቼ ሆኗል፣ ሞንጎል ሆኗል፤ «ራውሃይድ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ላይ የአውስትራሊያ ነባር ሰው ሆኗል። «ዘ ፕሮፌሽናልስ» ላይ ከበርት ላንካስተርና ከሊ ማርቪን ጎን በቀስት ይዋጋል። ከዚያ ጣሊያኖቹ ወሰዱት። አገሩ የነፈገውን መሪ ሚና የሰጡት እነሱ ናቸው፤ በዙርሊኒ ፊልም ላይ በሉሙምባ ሕይወት ላይ የተመሠረተውን ሰው ሠራ።

ፎርድ በ1973 ካንሰር ሲጥለው ስትሮድ አልጋው አጠገብ ነበር። ሲያርፍ እሱና የፎርድ እህት ባንዲራ አለበሱት፤ ብራንዲ ቀድተው ለነፍሱ ጠጡ፤ ብርጭቆዎቹን ሰባበሩ። ራሱ ስትሮድ በ1994 የመጨረሻ ቀን፣ ታኅሣሥ 31፣ አረፈ። መጨረሻ የሠራበት «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» በስሙ መታሰቢያነት ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ያቺን የባቡር ጣቢያ ለወንድሜ ልጅ በስልኬ አሳየሁት። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ጠብታዋ ስትጀምር ግን ዝም አለ።

«አክተሩ እሱ ነው?»

«ቆይ» አልኩት።

ተኩሱ አለፈ። ስልኩን ወደ ራሱ ሳበና ወደ ኋላ መለሰው።

«ውሃውን ግን ጠጥቷል» አለኝ።