ቀዳዳ ያለው ግንብ



በቀለበት መንገድ ወይም በወንዝ ዳር ስታልፉ አፈር ደግፎ የቆመ የድንጋይ ግንብ አይታችሁ ይሆናል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በግንቡ ላይ ተራ በተራ የወጡ ትንንሽ ቱቦዎች አሉ። በክረምት ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ ከሥራቸው ያለው ድንጋይም ይጠቁራል። እኔ እነዚህን ቱቦዎች እንደ ጉድለት እቆጥራቸው ነበር። ይህ አስተሳሰቤ የአንዲት እናትን ሕይወት ሊያስከፍል ምንም አልቀረውም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው።

ቤታችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ወንዙ ከተማዋን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ከላይ የዘነበው በእኛ ሥር እያለፈ ዳርቻውን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። አፈሩ ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። አንድም ወቅት ዝም ብሎ አይቀመጥም።

አባቴ በሕይወት ሳለ ዳርቻውን በባሕር ዛፍ አጣናና አፈር በተሞላ ጆንያ ይደግፈው ነበር። እርሱ ወደ ጌታ በሄደ በዓመቱ እኔና እህቶቼ ገንዘብ አዋጥተን 3 ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ ግንብ ለማሠራት ወሰንን። ሥራውን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። ግንበኛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ “ልጄ፣ ለውሃው ቱቦ እንተውለት፤ ከኋላም ጠጠር ይግባ” አሉኝ። እኔ ግን ቆሻሻ ውሃ የሚያንጠባጥብ ግንብ አልፈለግሁም። የቱቦውንና የጠጠሩን ገንዘብ ለልስን አዋልኩት። ግንቡ ሲያልቅ ያማረ ነበር፤ ያየው ሁሉ አመሰገነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት እኔም ራሴ ተለስኜ ነበር። አባቴን ከቀበርኩ ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል። ብቻዬን ስሆን ቃል አይወጣኝም። ሆኖም በየእሑዱ አስተምራለሁ፤ “እንዴት ነህ?” ሲሉኝ “ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ” እላለሁ። መምህር ሆኜ ሌላ ምን ልበል? አንድ እሑድ በክፍላችን አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ “እግዚአብሔር ጸሎታችንን የማይመልስልን ለምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የራሴው ነበር። እኔ ግን በሁሉም ፊት ተቆጣሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ አልመጣም።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ማታ ግንቡ ተናደ። ድምፁ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲደፋ ይመስል ነበር። በዝናቡ ውስጥ ወደ ታች ስሮጥ በዓይኔ የመጣው ቆሼ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበት ያ ስፍራ ከእኛ ብዙም አይርቅም። የእኛ ግንብ የወደቀው ከሥራችን በሚኖሩት እማማ ማድ ቤት ላይ ነበር። በስልኬ መብራት ሳይ፣ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው በዋናው ቤት ደጃፍ ቆመዋል። “መብራት ባይጠፋ ኖሮ ምጣዱ ላይ ነበርኩ፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ነው የተውኩት” አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ግንበኛው መጥተው ፍርስራሹን አገላበጡት። “ድንጋዩም ደህና ነው፣ ሲሚንቶውም ደህና ነው። መውጫ ያጣ ውሃ ነው የጣለው” አሉ። በኋላ አንድ መሐንዲስ ወንድም ሒሳቡን አስረዳኝ። ጀርባው ውሃ የሞላ የ3 ሜትር ግንብ፣ ከአፈሩ ግፊት ሌላ፣ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ርዝመቱ ላይ ውሃው ብቻውን 4 ቶን ተኩል በሚያህል ኃይል ይገፋዋል። ያን ውሃ ለማስተንፈስ የሚያስፈልገው ግን ጠጠርና ጥቂት ቱቦ ነው።

ይህን አባቶቻችን ያውቁታል። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ በተራራው ላይ እርከን ሲሠራ ኖሯል፤ ዩኔስኮም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሲሚንቶ የለውም፣ ልስንም የለውም። አፈሩን ይይዛል፣ የተረፈውን ውሃ ግን ይለቅቃል።

መጀመሪያ የእማማን ማድ ቤት ሠራን። ከዚያ ወደ ግንቡ ተመለስን። በአንድ ረጅም ግንብ ፋንታ ሁለት አጫጭር ግንቦች፣ አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርገን በእርከን ሠራን፤ ቁመት በግማሽ ሲቀንስ የውሃው ግፊት ወደ ሩብ ይወርዳልና። ዋልካውን አልፈን ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፈርን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች የተናገረውን ምሳሌ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! አጥልቆ መቆፈር ምን ያህል ወገብ እንደሚቆርጥ ያወቅሁት ግን ያኔ ነው። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ሞላን፤ ቱቦዎቹን ወደ ውጭ ዘንበል አድርገን አስገባን፤ የጣሪያውንም ውሃ በቦይ ወደ ጎን መለስነው።

ሰኔ ላይ ተከልን። በታች፣ ወንዙ አጠገብ፣ ሥሩ እንደ መረብ አፈሩን የሚያያይዘውን ቀርከሃ፤ በእርከኑ ላይ ሰንበሌጥ፤ በላይ፣ ከግንቡ ራቅ አድርገን፣ የወይራ ችግኝ። ወይራ አይቸኩልም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ብዙዎቻችን ችግኝ ተክለናል፤ ፎቶም ተነሥተናል። ችግኙ የሚሞተው ግን ፎቶ በማንነሣበት በጥርና በየካቲት ነው። ውሃ የማጠጣው ያን ጊዜ ነው።

ግንቡን እየሠራን ሳለ ወደ አንድ ሽማግሌያችን ሄጄ ስለ ጸሎቴ ነገርኳቸው። አገልግሎቴን የሚያስቆሙኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን አብረውኝ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያም ስለ እኔ ጸለዩ። በየሳምንቱም ሐሙስ ማታ እንድመጣ ነገሩኝ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 እርስ በርሳችን እንድንናዘዝ የጻፈልን ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጸሎቴ በአንድ ቀን አልተመለሰም። ቀስ እያለ፣ ጠብ ጠብ እያለ ተመለሰ።

ያን ልጅም ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን ሁልጊዜ ባይመጣም ሲመጣ ይጠይቃል። መልስ ሳጣ “እኔም አላውቅም” እለዋለሁ።

እናንተስ? በኅብረታችሁ መካከል እየዘመራችሁ፣ እያገለገላችሁ፣ ማንም የማያውቀው ነገር ከጀርባ እየገፋችሁ ይሆናል። እኔ ዝም ማለቴን እንደ እምነት ቆጥሬው ነበር፤ አልነበረም። በዚህ ሳምንት ለአንድ የምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ለመጋቢ፣ ለመምህር፣ ለታላቅ እህት ይሁን። መሪዎች የሆናችሁ ደግሞ፣ ከባድ ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን አትቆጡት።

ወንዙ አሁንም ዳርቻውን ይቆርሳል፤ ዋልካውም አሁንም ያብጣል። ሁለቱ ግንቦች ግን እስካሁን ቆመዋል። ከባድ ዝናብ ባለፈ ጠዋት ወርጄ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ፤ የተደፈነ ካለ በሽቦ እከፍተዋለሁ። እማማ ከማድ ቤታቸው ብቅ ብለው “ይፈስሳል?” ይሉኛል። “ይፈስሳል፣ እማማ” እላቸዋለሁ።

ጌታ ይባርካችሁ።