ከትውልድ ቀዬ ርቆ ሞተር ቢስክሌት ስለ መግዛት

ከትውልድ ቀዬው ርቆ የሚኖር ሰው በአዲሱ ስፍራ የሚገዛውን ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በቀድሞው አገሩ ዐይን ነው። እኛም ከጎጃም ወጥተን፥ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአሶሳ በመምህርነት ከተቀመጥን በኋላ፥ ሞተር ቢስክሌት መግዛት ባስፈለገን ጊዜ ምክር ያልሰጠን ዘመድ አልነበረም። አንዱ ከባሕር ዳር፥ ሌላው ከአዲስ አበባ እየደወለ፥ ለአስፋልት የሚስማማውን ከባድና ፈጣን ሞተር ያመሰግንልን ነበር። የእኛን መንገድ ግን ከመካከላቸው ያየው አልነበረም።

የምናስተምርበት ትምህርት ቤት የሚገኘው፥ ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ በድርቅ የተጎዱ የወሎ ወገኖቻችን ከሰፈሩባቸውና «አምባ» እየተባሉ በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ቀይ ጭቃ ነው፤ ዝናሙም በዚህ አገር ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል።

ስለዚህ ጎረቤታችን የሆኑትን አንድ የበርታ ሽማግሌ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፦ «መምህር፥ አስቀድመህ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ ብቻህን ልታነሣው የምትችል መሆንህን እይ፤ ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው የት እንዳለ ጠይቅ» አሉን። ከዚህ የሚበልጥ ምክር ከማንም አላገኘንም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ 100 ወይም 125 ሲሲ የሆነው ቀላል ሞተር ከ200 ሲሲው ይልቅ በጭቃ ላይ ይታዘዛል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። የጃፓኑ ያማሃ ብርቱ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን መለዋወጫው ለደመወዝተኛ ሰው ውድ ነው። «ባጃጅ» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ባለ ሦስት እግሩ ብቻ ቢሆንም፥ የሕንዱ ፋብሪካ ባለ ሁለት እግሩንም ይሠራል፤ የዚህና የሌላው የሕንድ ሞተር የቲቪኤስ ካንዴላ፥ ካቴናና ካላማዳሪያ በአቅራቢያችን አልታጣም።

በዚህ መካከል አንድ ሻጭ፥ ሊብሬና ሰሌዳ የሌለው ሞተር በግማሽ ዋጋ አቀረበልን። ግማሽ ዋጋ ለደመወዝተኛ ብርቱ ፈተና ነው፤ የቤት ኪራዩና የልጆቹ ልብስ በዐይኑ ይመጣበታልና። የቤታችን እመቤት ግን፦ «በዚህ ሞተር የሰው ልጅ ብትገጭ፥ ለእናቱ ምን ይዘህ ትቀርባለህ?» ብላ ጠየቀችን።

ጥያቄዋ የሕግም የኅሊናም ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያዝዛል፤ ሊብሬ የሌለውን ሞተር ግን በስሙ መድን የሚያስገባለት የለም። እንግዲህ ለሻጩ ሳይከፈል የቀረው ግማሽ ዋጋ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ምናልባት በመንገድ ዳር በሚጫወተው በጎረቤታችን ልጅ ላይ ነው። በእንግድነት ለተቀበለን ሕዝብ የምንመልሰው ውለታ ይህ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ አንድ ሰው የተገለገለበትን፥ ወረቀቱ የተሟላውን ባለ 125 ሲሲ የሕንድ ሞተር ገዛን። ሲገዛም ሦስት ነገር መረመርን። አንደኛ፥ በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን አመሳከርን። ሁለተኛ፥ ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ነግረን፥ በቀዝቃዛው እንዲነሣ አደረግን፤ የቀዘቀዘ ሞተር ሕመሙን አይደብቅምና። ሦስተኛ፥ የጭሱን መልክ አየን፤ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያመለክታል።

ግንብ የሚሠራ ሰው ወጪውን አስቀድሞ እንደሚያሰላ፥ የሞተር ዋጋም በሻጩ አፍ ከተነገረው አያበቃም። መድኑ፥ ዓመታዊው ምርመራና «ሄልሜት» የሚባለው የራስ መከላከያ አብረው ይቆጠሩ። ሄልሜቱም ሁለት ይሁን፤ ከኋላ የሚፈናጠጠው ሰው ራስ ከነጂው ራስ አይጠነክርምና። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ቢሆን፥ ሌላ ጥቂት ወር በእግር መሄድ ይሻላል።