የማክሰኞ አደራ

በልጅነቴ ጎረቤታችን ገበያ ስትወርድ ሕፃኗን ለእናቴ ትታ ትሄድ ነበር። ከደጃፍ ዘወር ብላ «እትዬ፣ አደራ!» ትላለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእናቴ ዓይን ከእኛ ይልቅ በሰው ልጅ ላይ ይውላል። ስንቀናባት «የራሴ ቢወድቅ ወደቀ ነው፤ የሰው ልጅ ቢወድቅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ትለን ነበር። የዚህች ቃል ክብደት የገባኝ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሰው አገር፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆች በፍርድ ቤት ውሳኔ ከቤታቸው ወጥተው በመንግሥት ኃላፊነት ሥር ይሆናሉ፤ ብዙዎቹም ለጊዜው በሚቀበሏቸው ቤተሰቦች ዘንድ ያድጋሉ። እንግሊዝኛው «ፎስተር ኬር» ይለዋል። «ማደጎ» ልለው ሞክሬ ነበር፤ ማደጎ ግን ለዘለቄታው ነው። ይህኛው ቆይታ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ስለዚህ በልቤ «የአደራ ልጆች» ብዬ ሰየምኋቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጸው ከእነዚህ ልጆች አንዱን በፈቃደኝነት ላስጠና ተመዘገብሁ። አሻራዬን ሰጠሁ፤ ሥልጠና ወሰድሁ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ ልገኝ ፈረምሁ። አሠልጣኛችን እ.ኤ.አ. በ2002 ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ ስላሳተሙት ጥናት ነገረችን። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ወዳጅነት ወጣቶቹን ሲጠቅም፣ ገና በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠው ግን ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ዝቅ አድርጎት ነበር። «የማትዘልቁበት ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል» አለችን። እኔም እንደሌሎቹ ራሴን ነቀነቅሁ።

ልጁ የ16 ዓመት ወጣት ነበር። ጃኬቱን አያወልቅም፤ ቦርሳውን ከጉልበቱ ላይ አያወርድም፤ አውቶቡስ ሊያመልጠው የሚችል መንገደኛ ይመስል ነበር። ንባቡ ሸጋ ነው፤ ሂሳብ ላይ ግን ክፍልፋይ ሲደርስ ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል። ስንፍና መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው፣ የአራተኛ ክፍልን ዓመት በሦስት ትምህርት ቤቶች ነው የጨረሰው። የመጀመሪያው ክፍልፋይን ሊጀምር ሲል እርሱ ወጣ፤ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ትምህርቱ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል ትምህርት ሕግ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የሚያድግበት ቤት ቢለወጥ እንኳ፣ የሚበጀው እስከ ሆነ ድረስ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ እንዲቀጥል ይደነግጋል። ለእርሱ አራተኛ ክፍል ግን ሕጉ አልደረሰለትም።

ወረቀት ላይ ክብ ሣልሁና «ይህ እንጀራ ነው፤ ለአራት ሰው ነው» አልሁት። አራት ላይ ከፈለው። «አሁን እንግዳ መጣ» አልሁ። ጥቂት አሰበና «አምስት ላይ» አለ። ከዚያ እርሳሱን እንደያዘ፣ «እንግዳው ካልሄደስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ካልሄደማ እንግዳ አይደለም፤ ድርሻው አንድ አምስተኛ ነው» አልሁት። ቀና ብሎ አላየኝም።

በአራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ አለቃዬ ትርፍ ሰዓት እንድሠራ ጠየቀኝ። ለአንድ ቀን ምን ይመጣል ብዬ ቀረሁ፤ ስልክ እንኳ አልደወልሁም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ልጁ አልመጣም። ጉዳዩን ወደምትከታተለው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ደወልሁ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቆዎታል» አለችኝ። «ምን አለ?» ብላት፣ «‹አውቀው ነበር› ብቻ ነው ያለው» አለች።

ያን ሌሊት የእናቴ ድምፅ እንቅልፍ ነሣኝ። አገሬ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል፤ ያላከበረውንም «አደራ በላ» ብሎ ይጠራዋል። በልቻለሁ፤ ያውም ለጥቂት ዶላር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት፣ መጽሐፉን ገልጬ ብቻዬን ተቀመጥሁ። በአራተኛው መጣ። ስለ ትርፍ ሰዓቱ ላወራው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተውሁትና «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ግድግዳውን እያየ «የሚቀጥለው ማክሰኞስ?» አለ። «እመጣለሁ።» «ከዚያ ወዲያ ያለውስ?» «እርሱንም።» መጽሐፉን ወደ ራሱ ሳበው።

ከዚህ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ሜሪላንድ ወጣቶቹ ቢፈልጉ እስከ 21 ዓመታቸው በድጋፉ ውስጥ እንዲቆዩ ትፈቅዳለች፤ ለከፍተኛ ትምህርትም በዓመት እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል ድጋፍ አለ። ቅጾቹን አብረን ሞላን፤ ኮሌጅ ገባ። ክፍልፋይ ዛሬም አይወድም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያመላልሰኛል። እናቴ አደራውን የሰጠቻትን ሴት ታውቃታለች፤ ማታ ከገበያ ስትመለስ ልጇን ታስረክባታለች። ይህን ልጅ ለእኔ አደራ ያለው ማን ነው? ወረቀቱ የመንግሥትን ስም ይጠቅሳል። እኔ ግን ልጁ ራሱ ይመስለኛል፤ በዚያች በአራተኛዋ ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሊያምነኝ ተመልሶ የመጣ ዕለት።