ቡና እስኪደርስ

በመሥሪያ ቤታችን የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቦንጋ ከተማ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ከተቀመጥሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ‹‹ከደመወዙ እየተቀነሰ ለልጆቹ ቀለብ ይከፈል›› የሚለውን የፍርድ ቤት ትእዛዝ በባልንጀሮቼ ስም አንጻር ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አልቆጠርሁም። እንዲህ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲፈርም በልቤ እታዘበው ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ! ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የመጣው ትእዛዝ ግን የራሴን ስም የያዘ ነበር።

ከባለቤቴ ጋር የተጣላንበትን ምክንያት እዚህ አልዘረዝረውም፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነበረና። እርሷ ልጃችንን ይዛ ጊምቦ ወደሚገኘው የእናቷ ቤት ሄደች። እኔም ‹‹ራሷ ወጣች፥ ራሷ ትቻለው›› ብዬ እጄን ሰበሰብሁ። ሽማግሎች ‹‹ለልጅቱ እንኳ ላክ›› ሲሉኝ፥ ‹‹ነገሩ ሳይቆረጥ ገንዘብ ብሰጥ ጥፋተኛነቴን ማመን ነው›› ስል መለስሁላቸው። ስሕተቴ ከዚህ ላይ ነበር፤ ቀለብን ከካሣ ጋር አንድ አድርጌ አይቼው ነበርና።

ትእዛዙ በደረሰኝ ቀን ተቆጥቼ፥ መከራከሪያ ባገኝ ብዬ የሕግ መጽሐፍ ተውሼ አነበብሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን ክርክር ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ይሰጥ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺውን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ከፋ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመግባቱ በፊት የነበረበት የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በፌዴራሉ ሕግ 82ኛ አንቀጽ እንደ ተጻፈው፥ የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፥ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፥ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ ይሰጣል። ‹‹ወዲያውኑ›› የሚለው ቃል መከራከሪያዬን ሁሉ አፈረሰው። ማን በደለ፥ ቤቱስ ለማን ይድረስ የሚለው ክርክር ወራት ይፈጃል፤ በነዚያም ወራት ውስጥ ልጅ ጧትና ማታ ይበላል። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ጋብቻው ጸንቶ ይኖራልና ለሚስትም የመረዳዳቱ ግዴታ አይቋረጥም። ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያ፥ ልብስ፥ ሕክምናና ትምህርት አለበት፤ ልኩም የሚወሰነው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው ዐቅም ነው።

ያም ሆኖ ልቤ አልተመለሰም ነበር። እሑድ ቀን ባለቤቴን ‹‹ክሱን ተዪው›› ልላት ወደ ጊምቦ ወረድሁ። ልጄ ከደጅ ተቀብላኝ፥ ‹‹አባባ፥ ደብተሬ አለቀ›› አለችኝ። አምጥታ ብታሳየኝ፥ የጻፈችውን በላጲስ እያጠፋች በዚያው ገጽ ላይ ደግማ ደጋግማ ጽፋበት ወረቀቱ ሳስቶ ተቀዶ ነበር። አማቴ ቡና ቀድተው አቀረቡልኝና፥ ‹‹ልጄ፥ ከእናቷ ጋር ተጣላህ እንጂ ከዚህች ሕፃን ጋር መቼ ተጣላህ?›› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጣሁበትንም ጉዳይ ሳላነሣ ተመለስሁ፤ በማግሥቱም ተቀናሹን በስሜ አንጻር በራሴ እጅ ጻፍሁ።

እኔስ ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ አለኝ። የከፋ ገበሬ ግን ዋናውን ገንዘብ የሚያየው ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ነው፤ ስለዚህ ከሚስቱ የተለየ አባት ‹‹ቡና ሲደርስ እሰጣለሁ›› ሲል ይሰማል። የልጅ ሆድ ቡና እስኪደርስ አይጠብቅም። ብር በእጁ በሌለበት ወር ቆጮም ሆነ በቆሎ፥ ወይም ማር፥ እናቲቱ እስከ ተስማማች ድረስ፥ ለልጁ ቀለብ ይሆናል፤ የሚበደለው ልጅ አባቱ ባዶ እጁን የተቀመጠበት ነው።

ፍቺያችን በመጋቢት ተወሰነ፤ አልታረቅንም። ለልጄ አዳዲስ ደብተሮች ገዝቼላት፥ ያን አሮጌውን ለምኜ ወሰድሁና ከመሳቢያዬ አኖርሁት። አሁን ትእዛዝ የመጣበት ባልንጀራ ‹‹ምነው ይህችን ወር ብታልፈኝ?›› ሲለኝ፥ ወንበር ስቤ አስቀምጠውና ደብተሩን አሳየዋለሁ።