የማን ገንዘብ ነው?

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የመምህራኑ ቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ዓመት ትርፍ ስናገኝ ኮሚቴው ለጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን እንዲገዛ ወሰነ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ የተሰበረው ወንበር ሰልችቶኝ ነበራ!

በዚያው ሳምንት አንዲት ባልደረባችን ልጇን ለማሳከም ብድር ጠየቀች። «ገንዘቡ ለዕቃ ግዢ ተይዟል፤ ተራ ጠብቂ» አልኳት። «ጋሼ፣ በየወሩ ከደመወዜ የሚቆረጠው ለጠረጴዛ ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ማታ ደንባችንን ገለጥኩ። አክሲዮኑ ቢበዛም ቢያንስም አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ በትርፉ ላይ የሚወስነውም ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ኮሚቴው አይደለም። ቆጣቢውም፣ ተበዳሪውም፣ ባለቤቱም ያው አባሉ ነው። ጉባኤ ጠራን፤ ግዢው ቀረ፤ ብድሩም ተሰጠ። ልጁ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በእኛ ምክንያት ሳይታከም ቆየ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባልን ማስቀደም ለጠየቀ ሁሉ ዝም ብሎ መስጠት አይደለም፤ የሌሎችም ቁጠባ ነውና ዋስ ይጠራል።

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ እናንተም ኮሚቴ ትመረጣላችሁ። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «የማን ገንዘብ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።